"ብሬኩን በሰርተፍኬት ጨርሱት" ለተባላችሁ የሪል ስቴት ማስተርስ ተማሪዎች፣ የኔ ምላሽ

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሪል ስቴት ማስተርስ በሚማሩ የኛ ልጆች መሀል ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። ለኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ ሦስቱም "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ነው ያሉኝ። የጻፈው ወንድማችን ቀድሞን የተመረቀ፣ ጥሩ ቦታ የደረሰ ሰው ነው፣ ለልጆቹ አስቦ እንደጻፈውም ያስታውቃል። ግን እኔ የመጀመሪያውን የዊንተር ብሬኬን ልክ እሱ እንደሚመክረው አድርጌ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ያሉት አራት አምስት ሳምንታት ወርቅ ናቸው፣ ስለዚህ ሺፍት እየሠራችሁ አታባክኗቸው፣ የአርገስ (የሕንፃ ገቢና ዋጋ የሚሰላበት ሶፍትዌር) ሰርተፍኬት ጨርሱ፣ በዲሴምበር ሰው ሁሉ ረገብ ስለሚል ለመቶ ሰው በሊንክድኢን ጻፉ፣ በነፃም ቢሆን የሆነ ካምፓኒ ግቡ፣ የተማሪዎች ውድድር የሚባለውን ተዉት፣ ለገና አዲስ አበባ የምትሄዱ ደግሞ ዲል ይዛችሁ ተመለሱ። ወርቅ ናቸው በሚለው እስማማለሁ፣ ከሱ በኋላ ያሉትን ግን አንድ በአንድ ማየት እፈልጋለሁ ምክንያቱም ስድስቱም ውስጥ አንድ የጠፋ ነገር አለ፣ ሕንፃ የለም። ሪል ስቴት ተማሪ ለአንድ ወር ምን ይሥራ ተብሎ ተጽፎ አንድም ቦታ ላይ "ሂዱና አንድ ሕንፃ እዩ" አይልም።

ሺፍቱ ላይ ልጀምር። ፓርኪንግ ወይ ኡበር ላይ ያለፈ ብሬክ የጠፋ ብሬክ ነው ይላል። መጀመሪያ ነገር ሰው ሺፍት የሚይዘው ስለሚያስፈልገው ነው፣ የስፕሪንግ ክፍያ ይጠብቃል፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ለበዓል ወደ ቤት የሚላክ አለ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ማስተርስ የሚማርን ልጅ ጊዜህን አባከንክ ማለት ልክ አይመስለኝም። የበለጠ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው፣ ፓርኪንግ እኮ ራሱ ሪል ስቴት ነው! እኔ ዳውንታውን አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆኜ ሁለት ዊንተር ሠርቻለሁ፣ እና ሕንፃው ምን ላይ እንዳለ ከማንም በፊት የሚያውቀው ታች ቡዝ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ መኪና ይሞላል፣ አርብ ጭር ይላል። የወር ደንበኛ የነበሩ የአንድ ቢሮ ሰዎች ካርዳቸውን አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፣ ፎቁ "ለኪራይ" ተብሎ ማስታወቂያ የወጣው ከዛ ወራት ቆይቶ ነው። ሌላም አለ፣ ሱፐርቫይዘሬን "ይሄ ጋራዥ በሊዝ ነው ወይስ በማኔጅመንት ውል?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀና ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በሊዝ ከሆነ የፓርኪንግ ካምፓኒው ለባለሕንፃው የተቆረጠ ኪራይ ይከፍላል፣ መኪና መጣም አልመጣም ኪሳራው የሱ ነው። በማኔጅመንት ውል ከሆነ ደግሞ ካምፓኒው የአስተዳደር ክፍያውን ይወስድና ትርፍም ኪሳራም የባለሕንፃው ይሆናል። በኮቪድ ጊዜ ጋራዦቹ ባዶ ሲሆኑ ማን ተጎዳ ማን ተረፈ የሚለውን የወሰነው ይሄ አንድ ውል ነው። ክላስ ውስጥ ሪስክ አሎኬሽን፣ ኪሳራውን ማን ይሸከም፣ እያሉ ሁለት ሌክቸር የሚፈጁበትን እኔ እዛ ቡዝ ውስጥ ነው የገባኝ፣ እና የኛ ሰው በዚህ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሠራ እናውቃለን፣ የአጎትህን ወይ የጎረቤትህን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለህ ብታዋራው የትም የማታገኘውን ትሰማለህ።

አርገስ ላይ ደግሞ፣ ሶፍትዌሩ መጥፎ ነው አልልም። የተሠራው ብዙ ተከራይ ላላቸው፣ ውላቸው በተለያየ ዓመት ለሚያልቅ፣ ታክስና ጥገናውን ለተከራዩ በድርሻ ለሚያካፍሉ ሕንፃዎች ነው፣ ቢሮ፣ ሱቅ፣ መጋዘን። እዛ ውስጥ ለመግባት ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል። አፓርታማ ላይ ልትሠሩ ከሆነ ግን አብዛኛው ሰው የሚሠራው በኤክሴል ነው፣ የአንድ ዓመት ውል ላለው ተከራይ አርገስ አያስፈልግም። ደግሞ እኔ በመጀመሪያው ብሬክ ሰርተፍኬቱን ጨርሼ ስመለስ የትኛው በተን የት እንዳለ አውቅ ነበር፣ ኢንተርቪው ላይ ግን አንድ ሊዝ ገጽ በገጽ አንብበሽ ታውቂያለሽ ወይ ስባል አላነበብኩም ነበር። አንድም። ሶፍትዌሩ ውስጥ የማስገባው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ነው ሰርተፍኬት የያዝኩት። ስለዚህ ከሱ በፊት የምትሠሩት አለ፣ ነፃ ነው ደግሞ። ሪት የሚባሉት ሕንፃ ይዘው የሚያከራዩ ካምፓኒዎች፣ በ1960 በወጣ ሕግ የተፈጠሩት፣ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያቸው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮን ማከፋፈል ያለባቸው፣ በየዓመቱ ሰፊ ሪፖርት ያወጣሉ። እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን ያለው አቫሎንቤይ አፓርታማ ነው፣ ሜሪላንድ ያለው ፌዴራል ሪልቲ የገበያ ማዕከል ነው። የፌዴራል ሪልቲን ብትከፍቱ ንብረቶቹ ተዘርዝረዋል፣ ስፋታቸው፣ ምን ያህሉ እንደተከራየ፣ ትልልቆቹ ተከራዮች እነማን እንደሆኑ ሁሉ አለ። ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው፣ ግን ከዛ በኋላ ሞል ስትገቡ ሌላ ነገር ነው የምታዩት።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። እኔ የምለው አንድ ሕንፃ ምረጡ ነው፣ በእግራችሁ የምትደርሱበት፣ ትልቅ ያልሆነ፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ቤት ያለው አሮጌ አፓርታማ፣ ብሬኩን በሙሉ እሱን ብቻ እወቁ። የት ቢባል ሲልቨር ስፕሪንግ እላለሁ፣ ምክንያቱም የኛ ሰፈር ነው፣ የኛ ታሪክ ራሱ የሪል ስቴት ታሪክ ነው። ሰዎቻችን ሱቅና ምግብ ቤት የጀመሩት አዳምስ ሞርጋን ነበር፣ እዛ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ወረዱ፣ እዛም ሲወደድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወጡ። ወላጆቻችን "ኪራይ ጨመረብን" እያሉ ያወሩት የነበረውን እኛ አሁን በክላስ ስሙን እየተማርን ነው ያለነው፣ እና አሁን ደግሞ ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር እየተሠራ ነው፣ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ያልፋል። ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር የዛን ሰፈር አንድ ሕንፃ ማጥናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

እንዴት ይጠናል ላላችሁ፣ የሜሪላንድ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ ባለቤቱ፣ የመጨረሻ የሽያጭ ዋጋውና ለታክስ የተገመተው ዋጋ ይወጣል፣ ግምቱ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚታደሰው። ከዛ የስቴቱ የመሬት መዝገብ አለ፣ አካውንት መክፈት ነፃ ነው፣ እዛ ዲዱን፣ የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነዱን፣ እና ዲድ ኦፍ ትረስት የሚባለውን የብድር ሰነድ ታገኛላችሁ፣ ማን እንዳበደረና ስንት እንዳበደረ ተጽፏል። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ፣ በየቀኑ አጠገቡ የማልፈው ሕንፃ ዕዳው ቁጭ ብሎ ይነበባል! ከዛ በእግር ሂዱ። የፖስታ ሳጥኖቹን ቁጠሩ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ቁጠሩ፣ ጣራው ላይ ምን ዓይነት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እንዳለ እዩ፣ ደውሉና አንድ መኝታ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ ብርድ ነው አውቃለሁ ግን ሕንፃ በብርድ ነው እውነቱን የሚያወጣው፣ የሚያፈስ ጣራ፣ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት፣ ያልተጠረገ በረዶ፣ ይሄ ሁሉ በጁን አይታይም።

ቁጥሩን ደግሞ እንዲህ አስሉት። 40 ቤት ያለው ሕንፃ ነው እንበል፣ አማካይ ኪራይ በወር 1,800 ዶላር። በዓመት 864,000 ይሆናል። ክፍት ለሚሆነው 5 በመቶ ቀንሱ፣ 820,800። ወጪው 45 በመቶ ነው ብንል የሚተርፈው 451,440 ዶላር ነው፣ ኤንኦአይ የምንለው። ይሄን ሕንፃ አንድ ሰው በ2021 በ5 በመቶ ካፕ ሬት፣ ማለትም ኤንኦአዩ የዋጋው 5 በመቶ በሆነበት፣ ገዛው እንበል፣ ወደ 9.03 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው፣ 65 በመቶውን ተበደረ፣ ወደ 5.87 ሚሊዮን። ከዛ ፌዴራል ሪዘርቭ ከማርች 2022 እስከ ጁላይ 2023 ወለዱን ከዜሮ አጠገብ አንስቶ 5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። አሁን ገዢ 6.5 ካፕ ሬት ይጠይቃል ብላችሁ አስቡ፣ ያው ሕንፃ፣ ያው ተከራይ፣ ያው ኪራይ፣ ዋጋው ወደ 6.95 ሚሊዮን ወረደ። ብድሩ ሲያልቅ አዲሱ ባንክ ከዛ ላይ 65 በመቶ ነው የሚሰጠው፣ 4.51 ሚሊዮን። ወለድ ብቻ ሲከፍል ከቆየ ባለቤቱ ወደ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ከኪሱ ማምጣት አለበት ወይ መሸጥ ወይ ሕንፃውን ለአበዳሪው መስጠት። ኪራይ ልጨምር ቢል ደግሞ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የኪራይ ገደብ አለው፣ የዓመቱ ጭማሪ የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ ነው፣ ቢበዛ 6 በመቶ፣ ከ23 ዓመት በታች የሆኑ ሕንፃዎችን አይነካም። ስለዚህ የመረጣችሁት ሕንፃ የተሠራበት ዓመት ብቻውን ስሌታችሁን ይቀይረዋል። ይሄን በራሳችሁ ሕንፃ በእውነተኛ ቁጥር ሠርታችሁ በአንድ ገጽ ብትጽፉት ማንም ሰርተፍኬት የማይሰጣችሁን ነገር ይዛችኋል።

ሊንክድኢን ላይ ብዙ አልቆይም። በዲሴምበር ሰው ረገብ ይላል የሚለው በኛ ሙያ ተቃራኒው ነው፣ ከዲሴምበር 31 በፊት ዲል ለመዝጋት ብሮከሩም፣ ጠበቃውም፣ አበዳሪውም፣ የባለቤትነት መዝገቡን የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒውም እንቅልፍ የላቸውም፣ ለነሱ የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነው። በዛ ሰዓት "ሰላም፣ ተማሪ ነኝ፣ 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ" የሚል ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ራስን ማስረሳት ነው፣ እኔ ልኬ አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት ለስድስት ሰው ብቻ ጻፍኩ፣ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት፣ ስለሕንፃዬ የሠራኋትን አንድ ገጽ አያይዤ "እዚህ ወጪው ላይ ተሳስቼ ይሆን?" ብዬ ጠየቅኩ። ሦስቱ ቡና ጋበዙኝ፣ አንደኛዋ ኢንሹራንሱን ዝቅ አድርጌ እንደገመትኩት በእስክሪብቶ አስምራ አሳየችኝ። ሰው ስህተት ማረም ይወዳል፣ የሚያርመውን ስጡት።

በነፃ ግቡ የሚለው ግን አደገኛ ምክር ነው፣ እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። ከመሀላችሁ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ካምፓስ ውስጥ ተርም ሲሆን በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በእረፍት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀድላችኋል። ከካምፓስ ውጪ ግን ሲፒቲ ወይ ኦፒቲ የሚባል ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሲፒቲ ለማግኘት ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ከመጀመሪያው የግድ ካላለ በስተቀር አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር አለባችሁ። በመጀመሪያ ዓመት ብሬክ ላይ ያለ ልጅ ይሄን አላሟላም። "ብር ስለማልቀበል ሥራ አይባልም" ብላችሁ እንዳትገቡ፣ በነፃ የተሠራም እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል፣ የሚበላሸው ደግሞ ስታተስ ነው፣ ስንት ዓመት የተለፋበት። ሁልጊዜ መጀመሪያ የትምህርት ቤታችሁን የኢንተርናሽናል ቢሮ ጠይቁ። በዚሁ ምክንያት የሪል ስቴት ላይሰንስ ወስዳችሁ ቤት እየሸጣችሁ ኮሚሽን ብሉ የሚላችሁንም ቆም ብላችሁ እዩት፣ የ60 ሰዓቱን ኮርስ መማር ይቻላል፣ ኮሚሽን መቀበል ግን ሥራ ነው።

ወረቀት የማይቸግራችሁም ብትሆኑ፣ እኔ በመጀመሪያው ብሬክ አንድ ትንሽ ቢሮ በነፃ ገብቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ የባለንብረቶች ስልክ ቁጥር ስለቅም ነው ያለፈው፣ አንድም ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ምንም አላሳየኝም፣ በመጨረሻው ቀን ፋይሉን ወስደው ደህና ሁኚ አሉኝ። ያ እስካሁን ይቆጨኛል። ከሦስት ሳምንት ነፃ ጉልበት ይልቅ አንድ ጠዋት ለምኑ። ግንባታ ያለበት ቦታ ባለቤቱ፣ አርክቴክቱና ኮንትራክተሩ በየሳምንቱ የሚገናኙበት ስብሰባ አለ፣ "ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ልስማ" በሉ። እኔ አንዴ ገብቼ አንድ ሊፍት ስለዘገየ ሁለት ሰዓት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ እና መዘግየት ማለት ወለድ ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው በአጥንቴ የገባው።

ውድድሩን ተዉት የሚለውንም አልቀበልም። የኧርባን ላንድ ኢንስቲትዩት ውድድር፣ በዴቨሎፐሩ በጀራልድ ሃይንስ ስም የሚጠራው፣ ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፣ በጃንዋሪ ሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ቦታ የልማት ዕቅድ የሚያወጣ አምስት ተማሪ፣ ቢያንስ ከሦስት የተለያየ ትምህርት ክፍል። ወንድማችን ከብዙ ቡድን አራት ነው የሚያልፈው ይላል፣ ልክ ነው፣ አብዛኛው አያልፍም፣ እኛም አላለፍንም። ግን ከአርክቴክቸር ተማሪ ጋር እስክትጣሉ ድረስ የራሳችሁ የሂሳብ ሞዴል አይገባችሁም። ለምሳሌ ዲሲ ውስጥ በ1910 የወጣው የከፍታ ሕግ አለ፣ በሰፋፊዎቹ የንግድ መንገዶች ላይ በአብዛኛው ጣሪያው 130 ጫማ ነው። ከወለል ወለል 10 ጫማ ካደረጋችሁት 13 ፎቅ ይገባል፣ አርክቴክቱ ቤቱ ይተንፍስ ብሎ 12 ጫማ ካለ 10 ፎቅ ነው። ሦስት ፎቅ ጠፋ፣ ማለትም የሚከራይ ቤት ጠፋ፣ መሬቱ የተገዛበት ዋጋ ግን ያው ነው። ይሄን ክርክር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፒዛ እየበሉ የተከራከረ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም። ችግሩ ቡድኑ ተሰብስቦ የሚመዘገበው ከጃንዋሪ በፊት መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ለዘንድሮ ካለፋችሁ ብሬኩን የሚቀጥለውን ዓመት ቡድን መፈለጊያ አድርጉት፣ የፕላኒንግና የላንድስኬፕ ልጆችን ተዋወቁ።

አዲስ አበባ። የፈረንጁ ብሬክ ገናችንን ሁልጊዜ ውስጡ ነው የሚያገኘው፣ ጃንዋሪ 7፣ እና መሄድ የምትችሉ ሂዱ፣ ከናታችሁ ጋር ጾሙን ፍቱ፣ በዛ ሰዓት ስለካፕ ሬት የሚያስብ ካለ ያስብ እኔ አላስብም። ኤፍ-1 ከሆናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ በሰጣችሁ አይ-20 ቅጽ ላይ ያለው የጉዞ ፊርማ ዓመት እንዳልሞላውና ቪዛችሁ ለስንት ጊዜ መግቢያ እንደሆነ አረጋግጡ። ዲል ይዛችሁ ተመለሱ የሚለው ግን ልጆቹን ያስጠቃል ብዬ ነው የምፈራው። እዛ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ በሊዝ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004፣ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፣ እዚህ ለመሬት ዋጋ የተማርነው ግማሹ በቀጥታ አይሠራም። ሁለተኛ፣ እዚህ ግንባታ የሚሸፈነው ባብዛኛው በባንክ ኮንስትራክሽን ሎንና በባለሀብት ገንዘብ ነው፣ እዛ ግን ብዙ ጊዜ ገዢው ራሱ ነው ቀድሞ እየከፈለ የሚያሠራው፣ ማለትም ሪስኩን የተሸከመው በብዛት ቤት ፈላጊው ነው። ሦስተኛ ብሩ፣ በጁላይ 2024 ምንዛሬው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ በብር የሚሰበሰብ ኪራይ በዶላር ለሚያስብ ሰው ምን እንደሆነ አስሉት። በማስተርስ ሁለተኛ ተርም ላይ ያለ ልጅ ይሄን ሳያውቅ ከአክስቱና ከማኅበር ሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ ቢገባበት የሚጎዳው ዘመድ ነው። ስለዚህ እዛም ያንኑ አድርጉ፣ አንድ ሕንፃ። በስንት ዓመት አለቀ፣ ውሉ ላይ የመረከቢያ ቀን ምን ይላል፣ መቼ ተረከቡ፣ ሊፍቱን ማን ይጠግናል፣ ለጋራ ወጪ በወር ስንት ያዋጣሉ፣ የገቡትን ሰዎች ቡና እየጠጣችሁ ጠይቋቸው፣ በተለይ ያልተረከቡትን።

እዚሁ ለምትቀሩት ደግሞ፣ ከገናችን በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ መውጫው ላይ እገኛለሁ፣ ከዛ ጆርጂያ አቬኑን በእግር ነው የምንሄደው። የመረጣችሁትን ሕንፃ አድራሻና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ኑ፣ ወፍራም ካልሲም አድርጉ።